እናቴ የተሰጠችበት ኑዛዜ

እትዬ ቤቴ መጥታ አታውቅም ነበር። ሮም ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ስንኖር ሁልጊዜ ሂያጇ እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትራም ተሳፍሬ ሳን ሳባ ወዳለው ቤቷ እሄዳለሁ፤ ምሳ አብረን በልተን፣ የዜና ሰዓት እስኪደርስ ስናወራ ውለን እመለሳለሁ። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደውላ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፒኜቶ እመጣለሁ፤ ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ነበር?» ስትለኝ ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ሦስተኛ ነው፤ አሸንሶሬ ደግሞ የለውም። በዚህ ጉልበትዎ ያንን ደረጃ እንዴት ይወጡታል? እኔ ልምጣ።»

«አይሆንም። ይኼ እኔ የምመጣበት ጉዳይ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እስክትደርስ ድረስ ማን እንደሆንን ልናገር። ዕድሜዬን ሙሉ እርስዎ ስላት የኖርኩትን ሴት እዚህ ወረቀት ላይ «እሷ» እያሉ መጻፍ ለእጄ ይከብደዋል። ግን ይህን እንደምጽፍ ስነግራት «በአንቱታ ከጻፍሽው አላነበውም» አለችኝ፤ ምን ላድርግ።

የተወለድነው አዲስ አበባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እሷ በትልቁ ቤት፣ እኔ ከጓሮ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናቷን ሰው ሁሉ እመይቴ ይላቸው ነበር። እናቴ የእመይቴ ቀኝ እጅ ነበረች፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የጓዳውን ቁልፍ ትይዛለች፣ የእመይቴን ልጆች አዝላ ታሳድጋለች። አባቴ ወታደር ነበር ይባላል፤ አላውቀውም። ደሞዝ የሚባል ነገር በቤታችን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ለበዓል ልብስ ይገዛልናል፣ ደብተሬን እመይቴ ያስመጣሉ፣ እሳቸው ሲታመሙ እናቴ ታስታምማለች፣ እናቴ ስትታመም ሐኪም ይጠራል። «ቤተሰብ ነን» እየተባለ ነው ያደግኩት፤ ቤተሰብ ደግሞ ደሞዝ አይከፋፈልም።

እንግዳ ሲመጣ እመይቴ እናቴን በእጃቸው እያመለከቱ «ይህችን አባቴ ናቸው የሰጡኝ፤ እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ይሉ ነበር። እናቴም ከትሪዋ ቀና ሳትል ፈገግ ትላለች። እኔ አባታቸው በአደራ የሰጧቸው የሙት ልጅ ትመስለኝ ነበር። እንዲያውም የእናቴ የአባቷ ስም የእመይቴ የአባታቸው ስም ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር፤ የትልቅ ሰው ስም ነዋ።

ከእትዬ ጋር ስንጫወት አንቺ ነበር የምላት። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷ የመጣ ዕለት እናቴ ወጥ ቤት ጠርታ «ከዛሬ ጀምሮ እትዬ በያት፤ እርስዎም በያት» አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አልከፋኝም። አዲስ ጫማ እንደ መልመድ ነው፤ ለጥቂት ቀን ተረከዝ ይልጣል፣ ከዚያ ይረሳል።

እትዬ ተምራ ሮም ካሉት ዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅቶች በአንዱ ተቀጠረች፤ አገባች፣ ሁለት ወለደች። ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ስትፈልግ እመይቴ ብዙም አላሰቡም። እናቴን «ያንቺዋ ትሂድላት» አሏት። ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ለመሄድ ጓጉቼ ስለነበር ማን ማንን እንደላከ አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ አልዋሽም፤ እትዬ ክፉ ሆናብኝ አታውቅም። መስኮት ያለው ክፍል ሰጠችኝ፣ በወር በወር ከፈለችኝ፣ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ራሷ አብራኝ ተሰልፋ አስወጣችልኝ። ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ፣ ኩዌስቱራ፣ የሄድን ቀን ፖሊሱ የሁለታችንን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ የእናቶቻችን የአባት ስም አንድ መሆኑን አስተዋለ። «እናቶቻችሁ እህትማማች ናቸው?» አላት በጣሊያንኛ። እትዬ «ሲ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። ዞራ አላየችኝም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስድስት ዓመት አብሬያት ከኖርኩ በኋላ ቪያ ቮልቱርኖ አንድ ምግብ ቤት የሚሠራ ኤርትራዊ አገባሁ። አርግዤ «ከእንግዲህ ሌላ ሥራ እይዛለሁ» ስላት ተቆጣች፤ ሦስት ወር አልደወለችም። እኔ ከወለድኩ በኋላ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት በኮንትራት ባዳንቴ ሆኜ ገባሁ፤ ሥራው አቅም ያነሰውን ሰው ማንሳትና ማስተኛት፣ ማጠብና ማጉረስ ነው። ሲኞራዋ ሲያርፉ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ኮንትሪቡቲዬ፣ የጡረታ መዋጮዬ፣ በስሜ ሲገባልኝ ኖሮ ዛሬ ትንሽ ጡረታ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ያቺ ያረገዝኳት ልጅ አድጋ ነርስ ሆናለች። ቤቴ ጠባብ ናት፣ ከመስኮቷ የባቡር ሐዲድ ይታያል፣ ወድጄ የምኖርባት ቤት ናት። እትዬም ከሦስት ወር ኩርፊያ በኋላ «እሁድ ምሳ ነይ» ብላ ደወለች፤ ያ እሁድ ነው እስካሁን የቀጠለው።

ያን ማክሰኞ ደረጃውን በየፎቁ እያረፈች ወጣች። በአንድ እጇ የኬክ ካርቶን፣ በሌላው የፕላስቲክ ፎልደር ይዛለች። ዐቢይ ጾም መሆኑን ረስታ ነው ኬክ የገዛችው፤ በሩ ላይ ትዝ ሲላት ራሷን መታች። እኔ ፓስታ በሽምብራ ጥጄ ነበር። ተቀመጠች፣ ውኃ ጠጣች፣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «ፀሐይ ይገባዋል» አለች። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባች።

አዲስ አበባ አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ እናቴና እኔ እየተቀባበልን ያዘልነው። ግቢው ለልማት ሊፈርስ ስለሆነ የወራሽነት ማስረጃ እየሰበሰበ ነው። የእመይቴን ሣጥን ሲፈትሽ የእመይቴን አባት፣ የአያቱን፣ ኑዛዜ አገኘ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተጻፈ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። በስልኩ አንስቶ ላከላት፤ እሷም አተመችው።

«ሦስት ቀን ይዤው ተቀመጥኩ» አለችኝ። «እሁድ እስክትመጪ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ግን በእኔ ቤት፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ልነግርሽ አልፈለግኩም። አንቺ አንብቢው። እኔ ድምፄን አላምነውም።»

መነጽሬን አደረግኩ። ጽሕፈቱ ቁልጭ ያለ የቄስ እጅ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩ። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ይጀምራል፤ «ሥጋዬ ቢደክም ልቤ ሳይጠፋ፣ የነፍስ አባቴ ባሉበት የተናዘዝኩት ይህ ነው» ይላል። ለታላቁ ልጅ የወንዙን ዳር መሬት። ለደብሩ አንድ ማሳ። ለልጃቸው ለእመይቴ ግቢውን፣ የብር ዋንጫውን፣ ግራጫዋን በቅሎ ከነኮርቻዋ። እዚህ ጋ ስደርስ እትዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ቀጠልኩ።

«ገረዴን እገሊትን፣ በአገሯ ስሟ እገሊት የምትባለውን፣ ከጊቤ ማዶ የመጣችውን፣ ለነፍሴ ብዬ አርነት አውጥቻታለሁ። የወለደቻት ሕፃን ግን ለልጄ ትሁናት፤ ታገልግላት።»

እገሊት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኑዛዜው ላይ ስሙ አለ። የመጀመሪያውን ስም አውቀዋለሁ፤ የአያቴ የክርስትና ስም ነው። ሁለተኛውን ግን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። መስመሩን ደገምኩት፤ በሁለተኛው ድምፄ ዝቅ አለ።

«ሕፃኗ...» አልኩ።

«እናትሽ ናት» አለች እትዬ።

ምድጃው ላይ ሽምብራው ይንተከተካል። ተነስቼ እሳቱን አጠፋሁ። የሚገርመው መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ እፍረት ነው። ያንን «አባቴ ናቸው የሰጡኝ» የሚል ቃል ስንት ጊዜ በኩራት ቆሜ እንደሰማሁት ትዝ አለኝ። እመይቴ እኮ አልዋሹም። ቃሉን ሌላ ትርጉም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ይኼን ታውቂ ነበር?» አልኳት። አንቺ እንዳልኳት የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷ ግን ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም።

«አላውቅም ነበር» አለች። ቆየችና «ውሸቴን ነው» አለች። «የአክስቶቼ ልጆች ሲጣሉኝ ስለ እናትሽ የሚወረውሩት ቃል ነበር። እናቴን ስጠይቃት ‹ዝም በይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም› አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ኖሬ ኖሬ የማላውቅ መሰለኝ።»

ከታች መንገዱ ላይ አንድ ሰው የመኪናውን መውጫ የዘጋበትን ሌላ ሹፌር ይሳደባል። እትዬ እሱ እስኪጨርስ ጠብቃ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። ወንድሟ ኑዛዜውን ለፍርድ ቤት ሊያስገባ ነው፤ ግን ያቺን መስመር አስወጥቶ በኮምፒውተር ሊያስገለብጠው አስቧል።

«ለማንም አትጠቅምም፣ ማሳፈር ነው ትርፏ ይላል» አለች። «እኔ አይሆንም ብየዋለሁ። ግን የሚወስነው ያንቺ ቃል ነው።»

«አሁኑኑ ደውይለት» አልኳት።

ደወለች። ፊቱ ስልኩ ላይ ወጣ፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ከእህቱ ጎን እኔን ሲያይ ደነገጠ።

«እህቴ» አለኝ፤ «እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው። በዚህ ዘመን እናትሽ በእንዲህ ያለ ነገር ተጽፋ መዝገብ ቤት ትቀመጥ? ነውር ነው።»

«ነውሩ የማን ነው?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ጎን አዞረ።

«ስማኝ ወንድሜ። አያቴ ፎቶ የላትም። በወረራው ጊዜ ሞታ የት እንደተቀበረች እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር። ከየት እንደመጣች፣ የወለደቻት እናት ምን ብላ እንደጠራቻት የተጻፈበት ወረቀት በዚህ ዓለም ላይ ያ ብቻ ነው። አያትህ ከበቅሎ ቀጥለው ጻፏት፤ ይሁን፣ ጻፏት። አንተ ደግሞ ከዚያም ታወጣታለህ?»

ፊቱ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ነካሁት።

«አለሁ» አለ። «እሺ። እንዳለ ይግባ።» ከዚያ ደግሞ «እናትሽ እንዳዘለችኝ አልረሳሁም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ፓስታውን በላን። ምሳም ራትም ባልሆነ ሰዓት፣ እትዬ ሁለት ሳህን በላች፤ ለሦስት ቀን የረባ ነገር አልቀመሰችም ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትራም ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋት።

ተመልሼ ሳህን ሳጥብ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። አያቴ አርነት ወጥታለች፤ ልጇ ግን አልወጣችም። ታዲያ ነፃ የወጣች እናት ሕፃኗን ትታ ጊቤን ትሻገራለች? እዚያው ቀረች፤ ነፃ ሆና እዚያው ስትሠራ ሞተች። እናቴ «የኔ እናት እኮ ማንም ሳያስገድዳት ነው ከነሱ ጋር የኖረችው» ትል ነበር፤ ያንንም በኩራት። እመይቴ ባረፉ ሰሞን እናቴ በስልክ ያለችኝም ትዝ አለኝ። «እንግዲህ እኔ የማን ልሁን?» ነበር ያለችኝ። ሐዘን ያስወራት መስሎኝ «የኔ ሁኚ» አልኳት፤ እሷም «እሺ» አለች። ቧንቧውን ዘግቼ ቆሜ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም። ለአያቴ ሳለቅስ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግሥቱ ስነሳ ቀለል ብሎኛል። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም። ገበያ ሄድኩ፣ ካርቾፊ የሚባለውን አትክልት ገዛሁ፣ ወረፋ ስጠብቅ ያንን ሁለተኛ ስም በልቤ እለው ነበር። አጭር ስም ነው፤ ሁለት ጊዜ አፍ ተከፍቶ ይዘጋል። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አያት አልነበረችኝም፤ አሁን ከየት እንደመጣች የማውቃት አያት አለችኝ። አመጣጧ እንዲያ ቢሆንም ማግኘት ማግኘት ነው።

ቅዳሜ ለልጄ ነገርኳት። ከእኔ ጋር አማርኛና ጣሊያንኛ እያደባለቀች ነው የምታወራው፤ ስትቆጣ ግን አማርኛው ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። «ማማ፣ ስኬርዚ?» አለችኝ፤ ትቀልጃለሽ እንዴ ማለቷ ነው። ወረቀቱን አሳየኋት። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት፤ እንደገና አስነበበችኝ።

«ነገም ምሳ ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«እሁድ አይደል?»

«አሎራ እኔም እመጣለሁ።»

ፈራሁ። ልጄ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ሆስፒታል የተማረችው ይመስለኛል።

እትዬ በሩን ከፍታ ልጄን ስታይ ሁሉም ገባት። ሳህን ጨመረች። ምስር ወጡ ገና ሳይነካ ልጄ ጀመረች፤ በጣሊያንኛ፣ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት።

«የእርስዎ አያት የእኔን አያት ለእናትዎ ሰጡ። እናትዎ ደግሞ የእኔን እናት ለእርስዎ ላኩ። ልዩነቱን ሊያስረዱኝ ይችላሉ?»

እትዬ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። በአማርኛ ነው የመለሰችላት።

«ደሞዝ ከፍያለሁ፤ ልዩነቱ እሱ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሰሞኑን ሳስበው ግን፣ እናቴ ‹ልላክልሽ› ስትለኝ ‹እሺ ላኪልኝ› ነው ያልኳት። ‹ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት› አላልኩም። በርበሬ እንደሚላክልኝ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንቺን አይደለም፤ እናትሽን።»

ወደ እኔ ዞረች። ልጄም ዞረች። ሁለቱም እኔን ጠበቁ።

«አልጠየቀችኝም፣ እውነት ነው፤ ይቅርታውንም ተቀብያለሁ» አልኩ። «ግን አንቺም ልጄ ስሚ። አውሮፕላኑ ላይ የወጣሁት በራሴ እግር ነው፤ ከዚህ ቤትም የወጣሁት በራሴ እግር ነው። ሦስት ወር ስታኮርፈኝ አልተመለስኩም። እናቴ ያላገኘችውን በር ከፍቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። የተላከ ዕቃ አድርጎ ያንን ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም፤ ለኔ ተቆርቁረሽም ቢሆን።»

ልጄ ቀላች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጄን ያዘችው፤ አልለቀቀችውም። ስለዚህ በግራ እጄ ለመብላት ስሞክር ሦስታችንም ሳቅን፤ ትንሽ፣ ግን ሳቅን።

ከምሳ በኋላ ልጄ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «የአያቴ አባትስ ማን ነበር? ስማቸውን የሰጧት ሰውዬ ራሳቸው ቢሆኑስ?»

«ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው» አለች እትዬ። «አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም አልቀረም።»

ልጄ አሁን በምራቅ ብቻ ዘመድ የሚለይ ምርመራ እንዳለ ነገረችን። ሁለታችን ትንሽ ትንሽ ምራቅ ብንሰጥ ይታወቃል። እትዬ «እኔ ዝግጁ ነኝ» አለች።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «አባቷ ካልሆኑ የሰው ልጅ ሰጡ። አባቷ ከሆኑ የራሳቸውን ልጅ ሰጡ። የትኛው እንደሚሻል ንገሩኝና ምራቄን እሰጣለሁ።»

ጥያቄው እስከ ዛሬ እንዳለ አለ። አንዳንዴ እትዬ ስትስቅ ጉንጯን አየዋለሁ፤ የእናቴን ይመስለኛል፣ ከዚያ ደግሞ አይመስለኝም። እተወዋለሁ።

ኑዛዜው እንዳለ ገባ። ወንድሟ ቃሉን ጠብቋል፤ የገባበትን ቅጂ ማኅተሙ ሳይቀር አንስቶ ላከልኝ። እትዬ «ከእናቴ ድርሻ ለኔ የሚደርሰውን እኩል እንካፈለዋለን» ስትለኝ እምቢ ያልኩ የሚመስለው ሰው ይኖራል። «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ ነው ያልኳት። እናቴ ዕድሜ ልኳን የጠረገችው ግቢ ነው። ስንት እንደደረሰኝ የእኔና የእሷ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ ያሠራሁበት ግን የእናቴን መቃብር ነው።

እናቴ የተቀበረችው ከእመይቴ ቤተሰብ መቃብር አጠገብ፣ ከብረት አጥሩ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ነው። ድንጋይ አልነበራትም፤ የእንጨት መስቀሏም ወድቋል። እኔና እትዬ ከፋሲካ በኋላ አብረን ሄድን። ወንድሟ «አጥሩን አስፋፍተን እናስገባት» አለኝ፤ በቅንነት ነው። «አጥሩን አትንካው» አልኩት። «ባለችበት ደህና ናት። ድንጋይ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ድንጋዩ ላይ ያ የትልቅ ሰው ስም የለም። የእናቴ ስም አለ፤ የአባት ስም በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ እናቷ በአገሯ የተጠራችበት ስም። ጠራቢው ወረቀቱን አይቶ ግራ ገባውና «ይኼ የማን ስም ነው? የምን አገር ስም ነው?» አለ። ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዞር ብላ «እንዴ! የአክስቴ ስም ነው!» አለች። ከጊቤ ማዶ የመጣች ናት። የስሙን ትርጉም ነገረችኝ። ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህችን ብቻ ለራሴ አስቀርቻለሁ። ግን ጥሩ ትርጉም ነው፤ ልጅ ስትወለድ ደስ ያለው ሰው የሚያወጣው ስም ነው። አያቴ ስትወለድ ደስ ያለው ሰው ነበር ማለት ነው። እትዬ ፀሐዩን በጃንጥላዋ እየጋረደችልኝ ቆማ ነበር፤ ሳለቅስ አይታ ጃንጥላውን ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

አሁን ልጄም እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ተራዋ ሆኖ ሆስፒታል ካልገባች በቀር። ኑዛዜውን በራሷ ዓይን ማንበብ ትፈልጋለች፤ ሰው ተርጉሞላት ሳይሆን። እኔ ለማስተማር ትዕግሥት የለኝም፤ መዋዕለ ሕፃናት ላይ ጨርሼዋለሁ። እትዬ «እኔ አስተምራታለሁ» አለች። የመጀመሪያው ቀን ልጄ ኮስተር ብላ ተቀምጣ «ለእርስዎ ብዬ እንዳልመጣሁ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ» አለቻት።

«እሱማ ግልጽ ነው» አለቻት እትዬ። «ሀ በይ።»

ይኸው ስድስት ወር ሆናቸው። ልጄ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች እንደ ሕፃን ነው የምታነበው። የወንዙን ዳር መሬት በሦስት እሁድ አለፈችው። ባለፈው እሁድ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ጨረሰችና ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። እትዬ አላረመቻትም። የክርስትና ስሟን አነበበች። ቀጥሎ በአገሯ የተጠራችበትን ስም አነበበች፤ አንድ ጊዜ ተሳሳተች፣ ተመለሰች፣ አስተካክላ አለችው። ከዚያ «ሕፃን» የሚለው ላይ ደርሳ ቆመች።

ያለቀሰች መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ግንባሯን ቋጥራ ወረቀቱን ነው የምታየው።

«ይኼ ሌላ ሀ ነው» አለች። «ለምንድን ነው ሦስት ሀ ያለው? አንዱ አይበቃም?»

እትዬ መነጽሯን አስተካክላ ከግእዝ ጀመረች። ረጅም እንደሚሆን ስለማውቅ ጫማዬን አወለቅኩና ሶፋዋ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ።